ሕልም ያጣላቸው ሁለት ሊቃውንት

ጓደኞቻችን በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ሲጽፉ፣ እኛ ጦር ሳይማዘዙ ስለ ተጣሉ ሁለት ሐኪሞች ለመጻፍ መረጥን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ካርል ጉስታቭ ዩንግ በ1875 በስዊስ አገር ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በ1900 በዙሪክ ከተማ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በዚያም አንድ ቃል ይጠራና ሰውየው መጀመሪያ ያሰበውን ቃል እንዲመልስ እያደረገ፣ መልሱ የፈጀውን ጊዜ በሰዓት ይለካ ነበር። በአንዳንድ ቃል ላይ ሰውየው ይዘገያል፤ ለምን እንደ ዘገየ ግን ራሱም አያውቀውም። ይህ ለባለቤቱ የተሰወረ የልብ ክፍል ስውር ኅሊና ይባላል። (እኛስ መጀመሪያ ስንሰማው ታሞ ራሱን የሳተ ሰው ማለት መስሎን ነበር።)

ስለዚሁ ነገር ሲግመንድ ፍሮይድ አስቀድሞ በቪየና ያስተምር ስለ ነበር፣ ዩንግ በ1907 ሊያየው ሄደ። በዚያን ቀን ዐሥራ ሦስት ሰዓት ያህል እንደ ተጨዋወቱ ዩንግ ይናገራል። ፍሮይድ በ19 ዓመት ይበልጠው ነበርና እንደ አባት ሆነለት፤ የትምህርቱም ወራሽ አድርጎ ቈጠረው።

በ1909 ሁለቱ አብረው ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ በመንገድም ሕልማቸውን ይነጋገሩ ነበር። ዩንግ በሕልሙ አንድ ፎቅ ቤት አየ። ላይኛው ክፍል ያማረ ነው፤ የታችኛው ከዚያ የቆየ ነው፤ ከሥሩም የሮማውያን ዘመን ምድር ቤት አለ። የወለሉን ድንጋይ ቢያነሣው ዋሻ ሆኖ አገኘው፤ በዋሻውም ውስጥ አጥንት፣ የሸክላ ስባሪና ሁለት የሰው የራስ ቅል ነበሩ። ፍሮይድ ሌላውን ትቶ የራስ ቅሎቹ የማን እንደ ሆኑ አጥብቆ ጠየቀው፤ በስውር የሚመኘው ሞት ያለ መስሎት ነበርና። ዩንግም መምህሩን ላለማስቀየም ሲል የሚስቱና የእኅቷ ናቸው ብሎ ዋሸ። ፍሮይድ በተራው ስለ ራሱ ሕልም ሲጠየቅ፣ ክብሬን እንዳላጣ ብሎ ዝርዝሩን ሳይናገር ቀረ።

ለዩንግ ግን ቤቱ የሰው ልብ ነበር። ከእያንዳንዱ ሰው ትዝታ በታች የሰው ዘር በሙሉ የወረሰው ምድር ቤት አለ አለ። በዚያ ለሚኖሩት ጥንታውያን አምሳያዎች በ1919 አርኬታይፕ የሚለውን ስም ሰጣቸው፤ እነርሱም እናት፣ ጀግና፣ ጠቢብ ሽማግሌ፣ ጥላና የመሳሰሉት ናቸው። ጥላ ማለት ሰው ስለ ራሱ ሊያምነው የማይወደው ወገኑ ነው፤ በራሱ ላይ ሊያየው ስለማይፈልግ በጎረቤቱ ላይ ያየዋል። ፍሮይድ ይህን ትምህርት አልተቀበለውም፤ በ1913 ወዳጅነታቸው ፈረሰ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባናል። የጉዞውን ወሬ ያገኘነው ዩንግ በሽምግልናው ካጫወተውና እርሱ ከሞተ በኋላ በ1962 ከታተመው መጽሐፍ ነው። ፍሮይድ ግን በ1939 ሞቷልና መልስ ሊሰጥበት አልቻለም። አርኬታይፕም በምርመራ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሊቃውንት የሕዝቦች ተረት የሚመሳሰለው ሰው ሁሉ ከእናት ስለሚወለድና ሞትን ስለሚፈራ ነው ይላሉ። ዩንግ በ1921 ሰዎችን ወደ ውስጥ የሚያተኩሩና ወደ ውጭ የሚያተኩሩ ብሎ የከፈለው ግን ተሻሽሎ ዛሬም በጠባይ ጥናት ይሠራበታል።

ከሁሉ ይልቅ እርስ በርሳችን ያከራከረን ሌላ ነው። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 የፍሮይድ መጻሕፍት በበርሊን ሲቃጠሉ፣ ዩንግ በጀርመን የነበረውን የሥነ ልቡና ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተቀበለ። በ1934ም የአርያንን ስውር ኅሊና ከአይሁድ አስበልጦ ጻፈ። አይሁድ ሐኪሞች በማኅበሩ አባል ሆነው እንዲቆዩ መንገድ አበጅቷል የሚሉ አሉ፤ እውነትም አበጅቷል። ጽሑፉ ግን በስሙ ታትሟል፤ ስለ ጥላ ያስተማረንም ይኸው ሰው ነው። ከመካከላችን አንዳንዶች ትምህርቱ ከሰውየው ተለይቶ ይታይ አሉ፤ ሌሎቻችን አልተስማማንም።

ፍሮይድ በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ ሎንዶን ተሰደደ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሞተ፤ ከዩንግም ጋር አልታረቁም።