ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር በግራኞች እጅ

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሌሎቹ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች የጊታርና የቤዝ ጊታር ድምፅ በሰፊው የሚሰማው በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ዘንድ ነው። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው ሥራውን ከጀመረበት ጊዜ ይነሣል። አንድ መሣሪያ ለብዙዎች በሚያገለግልበት ማኅበር ግራኝ የሆነ ወጣት ሲገባ ግን አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸውም መለወጥ ያለበት እጁ ነው ወይስ መሣሪያው የሚል ነው።

ጥያቄው በክራር ላይ እምብዛም አይከብድም። ክራር ፍሬት የለውም፤ በተለመደው አጨዋወት እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ነውና፣ ክሮቹን በቀንበሩ ላይ በሌላ ቅደም ተከተል አስሮ መቃኘት ይበቃል። ጊታር ግን ከዚህ የተለየ ነው።

በዓለም የሙዚቃ ታሪክ ግራኞች ለዚህ ችግር ሦስት መፍትሔ አግኝተዋል። የመጀመሪያው መሣሪያውን ሳይነኩ መገልበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ያረፈችው አሜሪካዊት ኤልዛቤት ኮተን ወፍራሞቹን ክሮች በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ እየመታች የራሷን ስልት ፈጥራለች። ሁለተኛው ገልብጦ ክሮቹን እንደገና ማሰር ሲሆን፣ ጂሚ ሄንድሪክስ (1942–1970) ለቀኝ እጅ የተሠራውን ፌንደር ስትራቶካስተር የተጫወተው በዚህ መንገድ ነበር። ሦስተኛው ከመነሻው ለግራ እጅ የተሠራውን መግዛት ነው። ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1961 በሃምቡርግ የገዛው ሆፍነር ቤዝ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ቀላል ይምሰል እንጂ ጥንቃቄ ይሻል። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባቸው ቦዮች የተሞረዱት በየክሩ ውፍረት ልክ ነው። በአንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ጊታር ቀጭኑ ክር 0.25፣ ወፍራሙ 1.17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቀጭኑ በሰፊው ቦይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፤ ወፍራሙም በጠባቡ አይገባም። በገላው ላይ ያለው የክር ማረፊያም ወፍራሙ ክር ጥቂት እንዲረዝም ተደርጎ ስለሚዘነብል፣ ክሮቹ ሲገለበጡ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች በተወጣ መጠን ቅኝቱ ይበላሻል። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮችና ቤዞች ይህ በብሎን ይስተካከላል። የብረት ክር ባለው አኩስቲክ ጊታር ግን የማረፊያው ስንጥቅ ተደፍኖ እንደገና መቆረጥ አለበት፤ ከክዳኑ ሥር ያሉት የእንጨት ድጋፎችም በአብዛኛው ግራና ቀኛቸው አንድ ስላልሆነ እንደነበሩ ይቀራሉ።

እንግዲህ ከማኅበሩ መሣሪያዎች አንዱ ለግራኙ ሲመደብ የኤሌክትሪኩን መምረጥ፣ የአንገቱን ማረፊያ ሳይሰብሩ ነቅሎ ማስቀመጥና በምትኩ ለግራ የተሞረደ ሌላ መትከል ይበጃል። የቀድሞው ክፍል እስካልጠፋ ድረስ መሣሪያው በማናቸውም ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ግራኙን ልጅ በቀኙ እንዲመታ ማስገደድ ምንም ወጪ የሌለው ይመስላል፤ እንዲህ የሚመስለው ግን ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ብቻ ስለሆነ ነው።