ከጭቃ ወደ ኮሌጅ፤ የሴራሚክ ትምህርት አመጣጥና የሰሜን ወሎ ሸክላ

ጭቃን በእሳት አጥንክሮ ዕቃ ማድረግ የሰው ልጅ ካፈለቃቸው ጥንታዊ ጥበቦች አንዱ ነው፤ ራሱን የቻለ የኮሌጅ ትምህርት ከሆነ ግን ገና 130 ዓመት ገደማ ነው። በወልድያና በመርሳ ገበያ ጀበና፣ እንስራና ምጣድ የምትሸጠው ሸክላ ሠሪ ሙያውን የምትወርሰው ከእናቷ እጅ ነው። የሐብሩ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ ይህንኑ ሙያ በከፍተኛ ትምህርት ልቀጥል ብትል ግን የትኛውን የትምህርት ክፍል ትምረጥ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ትምህርቱ የተወለደበትን ሁኔታ መመርመር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1894 ትንሹ ኤድዋርድ ኦርተን በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የሴራሚክ ትምህርት ክፍል አቋቋመ። ኦሃዮ በጡብና በሸክላ ፋብሪካዎች የታወቀች ስለነበረች፣ ዓላማው በልምድ ብቻ ይሠራ የነበረውን በኬሚስትሪና በመለኪያ መምራት ነበር። ቀደም ሲል በበርሊን ኸርማን ዜገር በተወሰነ ሙቀት የሚጎብጡ ትናንሽ ሾጣጣ የእቶን መለኪያዎችን ሠርቶ ነበር፤ ኦርተንም እ.ኤ.አ. በ1896 መሰሎቻቸውን በአሜሪካ ማምረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1900 ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት በአልፍሬድ ሌላ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቻርልስ ቢንስ በእንግሊዝ አገር በዉስተር ፖርሴሊን ፋብሪካ የሠለጠነ ሰው ነበርና ጥበቡና ሳይንሱ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሰጡ አደረገ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የተተከሉት ጭቃውና ፋብሪካው ባለበት ስፍራ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በአገራችን የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ ለረጅም ዘመን ይናቁ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም.፣ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ተከፈቱ። የሁለቱም መነሻ ግን የሸክላ ሠሪዋ ጭቃ አልነበረም። በኋላም በአዋሳ የተተከለው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ የቦምቦዋሃን ካኦሊን ለሳሕንና ለግድግዳ ንጣፍ ሲያውል፣ ፋብሪካውና የገጠሩ ሙያ ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ይሁንና የገጠሩ ሸክላ ለመሐንዲስ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ያለ እቶን፣ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚተኮስ ሸክላ ብዙውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያልፍም፤ ፖርሴሊን ግን እስከ 1,300 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የገጠሩ ዕቃ ውሃ ያሰርጋል፣ በቀላሉም ይሰበራል። ነገር ግን ምጣድ የእሳትን ድንገተኛ ሙቀት የሚችለው በዚሁ ስስ ቀዳዳነቱና ከጭቃው ጋር በሚደባለቀው ሸካራ ቅንጣት ምክንያት ነው። በከተማ ቤቶች ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ የማሞቂያ ሽቦው የሚቀበረው በሸክላ ሠሪዋ ገበታ ውስጥ ነው። የገበታው ውፍረትና ሙቀት አስተላላፊነት የሚፈጀውን ኃይል ስለሚወስን፣ ጉዳዩ ጭቃውን ብቻ ሳይሆን የአገርን ኤሌክትሪክም ይመለከታል።

እንግዲህ ምርጫው እንደ ተማሪዋ ዝንባሌ ይለያያል። ቅርጽና ውበት የሚስባት ወደ ሥነ ጥበብ፣ የጭቃው ባሕርይና እሳቱ የሚያስደንቃት ደግሞ ወደ ኬሚካል ወይም ወደ ማቴሪያል ምህንድስና ታመራለች፤ የኋለኛው በአዳማና በጅማ ይሰጣል። ለአገሯ ቅርብ የሆኑት በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ ንብረቱ የወደመበት የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተቋም ናቸው። የትም ብትሄድ አስቀድማ ልትጠይቀው የሚገባው አንድ ነው፤ ይኸውም ክፍሉ እቶንና ቤተ ሙከራ አለው ወይ፣ ተማሪውስ የአካባቢውን ጭቃ በእጁ ይፈትናል ወይ የሚለው ነው። የኦርተንና የቢንስ ታሪክ የሚያስረዳው ትምህርቱ የሚያፈራው ከጭቃውና ከሠሪው አጠገብ ሲተከል መሆኑን ነው። የሰሜን ወሎ ጭቃ ናሙና በቤተ ሙከራ እንዲመረመርና ሸክላ ሠሪዋ በእንግድነት ሳይሆን በመምህርነት ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ እንድትገባ ማድረግ የሙያ ባልደረቦች ድርሻ ነው።