ባቲ ገበያ

ባቲ ገበያ በአማራ ክልል ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰኞ ሰኞ የሚቆም ትልቅ ገበያ ነው። ስፍራው ደጋው ከአፋር ቆላ የሚገናኝበት ጠርዝ በመሆኑ፣ የደጋው ገበሬ እህል ሲያወርድ የቆላው አርብቶ አደር ግመል፣ ፍየልና ጨው ይዞ ይወጣል። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እዚያው ሜዳ ላይ ይገበያያሉ፤ ውበቱም ይኸው ነው።

ገበያው የድሃ ገበያ ቢሆንም ኪሱ የሞላ ጎብኚና የከተማ ነጋዴም ይመጣበታል። ዋጋ የሚቆረጠው በክርክር ስለሆነ አንዱ ዕቃ ለሁሉም በአንድ ዋጋ አይሸጥም።

በዚያው ዞን፣ በከሚሴ መስመር የሚገኘው የሰንበቴ ገበያ የሚውለው እሁድ ነው።