የድሃ አዳኝ ጠመንጃ በአገው ምድር

ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ፣ እሳተ ገሞራ በጥንተ ዘመን በቦረቦረው ክብ ጕድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውኃ ሲሆን፣ ከአንዱ አፋፍ እስከ ማዶኛው አፋፍ ያለው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአያቶቻችን ዘመን በኢትዮጵያ እጅግ ከተስፋፉት ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ የኋላ ማነጣጠሪያው እስከ 1800 ሜትር በሚደርስ አኃዝ የተቀረጸ ነበርና፣ በብረቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አምኖ የሚፈርድ ሰው፣ በዚህ አፋፍ ቆሞ በማዶው ዳር ውኃ ሊጠጣ የወረደውን ድኩላ መጣል ቀላል ነገር ይመስለዋል። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ አዳኝ ግን ጠመንጃ ሲመርጥ ይህን አኃዝ በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አልተመለከተውም፤ የዚህም ሐተታ ርእሰ ነገር እርሱ በቅድሚያ የተመለከተው ምን እንደ ነበረ ማስረዳት ነው።

የዘመኑ ጠመንጃ ወደ አገራችን የገባው በአንድ በር አይደለም። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ስናይድር የተባለውን ይዘው መጡ፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል የሆነው የግብጽ ጦር የታጠቀው ሬሚንግተን በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ወደቀ፤ ከዚያም ወዲህ በታጁራና በጅቡቲ በኩል የነጋዴው ዕቃ እንደ ጎርፍ ወረደ። ጎጃም ግን ከባሕሩ በር የራቀ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ብረት ዓባይን እስኪሻገር ድረስ በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት፣ በየነጋዴው እጅ እያለፈ፣ ዋጋው በየምዕራፉ እየከበደ ይመጣ ነበር። ይህ የመሣሪያ ማነስ ምን ያህል እንደሚጎዳ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ አይተውታል፤ በጠመንጃ ብዛት የበለጠው የምኒልክ ጦር አሸንፎ፣ ንጉሡ ቆስለው ተማርከዋልና። ከ14 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን ያው የጎጃም ንጉሥ ከአፄ ምኒልክ ጎን በዐድዋ ተሰለፉ፤ የአገው ፈረሰኞችም የአባቶቻቸውን የዚያን ዘመን ውለታ በ1932 ዓ.ም. በተመሠረተው ማኅበራቸው አማካይነት በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብሩታል።

የጠመንጃን ዋጋ ነገር በቅርብ ያወቀ፣ የምስክርነቱም ቃል በጽሑፍ የቀረ አንድ ነጋዴ አለ፤ እርሱም ግጥም መጻፍ ትቶ ወደ ንግድ የገባው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ነው። በ1878 ዓ.ም. ከታጁራ ወደ ቤተሰቦቹ በላከው ደብዳቤ እንደ ገለጸው፣ በአውሮፓ ከአገልግሎት ከወጣ አርባ ዓመት የሞላው ጠመንጃ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አገር ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ተገዝቶ፣ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ያህል ይሸጥ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ነጋዴው በአንድ ጉዞ ባለጸጋ ሆነ ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። የበረሃው መንገድ፣ የግመሉ ኪራይ፣ የሞተው ሸሪኩ ዕዳና የባለዕዳዎቹ ጥያቄ ተደራርበውበት ራምቦ ከዚያ ንግድ የወጣው በኪሳራ ነው። እኔን ግን የሚያሳዝነኝ የነጋዴው ኪሳራ ሳይሆን፣ ሌላው ዓለም የጣለውን ብረት በአምስት እጥፍ ዋጋ ለመግዛት የተገደደው የአገራችን ሰው ዕጣ ነው።

ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ለበን የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ለሠራዊታቸው በሰጡ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ የያዙት የ1874ቱ ውጅግራ ትርፍ ሆነና በርካሽ ወደ ገበያ ወጣ፤ ለድሃውም አዳኝ የምርጫው ጥያቄ የተነሣው ከዚህ ነው። ለበኑ በሁሉ ነገር የበለጠ መሣሪያ ነበር። ከሰደፉ ፊት ባለው ቱቦ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፤ ባሩዱ ጢስ የለውም፤ 8 ሚሊ ሜትር የሆነችው አረሩም በአንድ ሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ትበራለች። ውጅግራው ግን በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያላት የእርሳስ አረሩ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ሲተኮስም ጥቁሩ ባሩድ የተኳሹን ስፍራ የሚያጋልጥ ነጭ ጢስ ያስነሣል። እንግዲህ የሩቁን መምታት የፈለገ ሁሉ ለበኑን መምረጥ ነበረበት፤ ነገር ግን ብዙው ሰው ውጅግራውን መረጠ፤ ምርጫውም በእኔ ፍርድ የዕውቀት እንጂ የድንቁርና አልነበረም።

ምክንያቱ ጥይቱ ነው። የውጅግራው ቀለህ ከተተኮሰ በኋላ ተለቅሞ፣ የአገራችን ሰው ከጨው ባሩድ፣ ከዲንና ከከሰል ቀምሞ በሚያዘጋጀው ባሩድ ሊሞላ፣ ቀልጦ በቅርጽ በወጣ እርሳስም ሊገጠም ይችል ነበር፤ የለበኑ ጢስ አልባ ባሩድ ግን ከፈረንሳይ ፋብሪካ ካልመጣ በቀር በማንም ቀጥቃጭ ቤት አይሠራም። ከዚህም በላይ የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለ ነበር፣ ከጠገራ ብር ለሚያንሰው ግብይት ሰው ጨውና በርበሬ በጥይት ይገዛ ነበር፤ ዝናሩን የሞላ ሰው እንግዲህ ስንቁንም ኪሱንም በአንድ ጊዜ ሞልቷል ማለት ነው። ጥይቱ የማይገኝለት ጠመንጃ፣ ምንም ያህል ሩቅ ቢመታ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረት ብቻ ነው። ዛሬ በውጭ አገር የሚኖር፣ ፈቃድ አውጥቶ የሚያድን ወገናችን በጥቂት ገንዘብ የሩቅ መምቻ ጠመንጃ ልግዛ ሲል፣ ገንዘቡን ሁሉ በብረቱ ላይ ሳይጨርስ ለመለማመጃው ጥይት አስቦ ማስቀረት ያለበት በዚያው የጥንት ሥርዓት ነው።

አስተዋይ ገዢ ከጥይቱ ቀጥሎ የሚመለከተው አፈሙዙን ነበር። ወደ ብርሃን አቅንቶ የውስጡ ጠመዝማዛ ጥርስ በዝገት አለመበላቱን ይመረምራል፤ ጥይቲቱንም በአፈሙዙ በኩል ገልብጦ ሲያስገባት እስከ ቀለህዋ ጠልቃ ከገባች አፉ ያለቀ ነውና ትቶት ይሄዳል። ሰደፉ መሰንጠቁና ቃታው መላላቱ በጠጋኝ ሊቃና ይችላል፤ ያለቀ አፈሙዝ ግን መድኃኒት የለውም።

ስለ ርቀቱ ደግሞ እውነቱን እንናገር። የውጅግራ አረር 300 ሜትር ስትደርስ ከተተኮሰችበት ቀጥተኛ መስመር ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ የለበኗ ዝቅታ የዚህ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ርቀቱን በሃምሳ ሜትር የተሳሳተ ተኳሽ አውሬውን ጨርሶ ይስተዋል። በአገው ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአምስተኛ እጅ ያህል የቀለለ ስለ ሆነ፣ በአውሮፓ ቆላ የተለካው አኃዝ ለሩቅ ዒላማ ሲሆን ትንሽ ከፍ አድርጎ ያስመታል። ይህን ማንም በመጽሐፍ አላስተማረውም፤ ጥይት እየቆጠረ የሚተኩስ አዳኝ በልምድ የሚደርስበት ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሃይማኖት ሥርዓት ነው። ክርስቲያን የሆነ አዳኝ የጣለውን ድኩላ ወይም ሚዳቋ ሊበላ የሚችለው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ባርኮ ሲያርደው ነው። በገደል ማዶ፣ በ600 ሜትር ላይ የወደቀ እንስሳ አዳኙ ወንዝ ወርዶ አቀበት ወጥቶ እስኪደርስ ይሞታል፤ ሥጋውም ለጅብና ለአሞራ ይቀራል። በጾም ቀንማ ጭራሹን አይታሰብም። እንግዲህ የአበው ሥርዓት ራሱ አዳኙን ወደ እንስሳው እንዲቀርብ፣ ነፋሱን እንዲመለከት፣ በጫካው ውስጥ እንዲሳብ ያስገድደው ነበር፤ የመቶ ሜትር ጥይት ከሺህ ሜትር ጥይት የተከበረችውም ስለዚህ ነው። ለግዳይ ወደ በለስ ሸለቆና ወደ ዳንጉር ቆላ የሚወርደው፣ ዝሆንና ጎሽ የሚፈልገው ሰውም ቢሆን ከሩቅ ተኩሶ ያቆሰለው ጎሽ መልሶ ነፍሱን እንዳያጠፋው ይቀርብ ነበር እንጂ አይርቅም ነበር።

ይህ ልማድ በኢጣልያ ወረራ ዘመን አገር ጠቀመ። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በምዕራብ ጎጃም ሲዋጉ፣ ከአርበኛው ብዙው የያዘው ያንኑ አሮጌ መሣሪያ ነበር፤ ጥይት አጥሮት ያደገ ሰው ጥይት አያባክንምና፣ ቀርቦ ተኩሶ የጣለውን ጠላት የ6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ከነዝናሩ ያነሣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ፣ በየካቲት ወር የኢጣልያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ወጣ።

ዛሬ አውሬው አልቋል ማለት ይቻላል፤ ደኑም ሳስቷል፤ አደንም ያለ መንግሥት ፈቃድ የተከለከለ ነው። ብረቱ ግን በብዙ ቤት ይገኛል። እናንተ የአገው ምድር ልጆች፣ የአያታችሁ ውጅግራ በቤታችሁ ካለ፣ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ሕጋዊነቱን አረጋግጡ፤ ለአሮጌ ብረት ለቃሚም አትሽጡት። ከማን እንደ ተገዛ፣ በስንት ብር ወይም በስንት በሬ እንደ ተለወጠ፣ ማን በየትኛው ዘመቻ እንደ ያዘው የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉም ጠይቃችሁ፣ ስሙንና ዘመኑን ጽፋችሁ አኑሩ።