የጋይንት መንገድና የዲፕሎማሲ ትምህርት

በዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ግንኙነትና የዲፕሎማሲ ትምህርት የሚከታተል ተማሪ ስለ ዌስትፋልያ ውልና ስለ ቪየና ጉባኤ በሰፊው ይማራል። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ንግግር ሲሠምርም ሆነ ሲበላሽ በባላገሩ ላይ ምን እንደሚያደርስ ለመመርመር ከአገር መውጣት አያስፈልግም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በጋይንት ምድር ላይ በተለያየ ዘመን የተሠሩትን ሁለት መንገዶች በማነጻጸር ይህንኑ ለማስረዳት ነው። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዘመኑን የምንቆጥረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ጋይንትን አቋርጦ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ደጋ ይሻገራል። ስማዳና እስቴ ከዚህ መሥመር በስተ ደቡብ ወደ ዓባይ በኩል የተዘረጉ አገሮች ናቸው። እንግዲህ ከጣና አካባቢ ወደ ወሎ ደጋ ለሚያልፍ ሁሉ፥ ነጋዴም ቢሆን ሠራዊት፥ ጋይንት ዋነኛ በር ነው ማለት ይቻላል።

አንደኛው መንገድ

የመጀመሪያው መንገድ ታሪክ የሚነሣው ከአንድ ደብዳቤ ነው። የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በአመፀኞች እጅ ቆስሎ ሞተ፤ በእግሩ የተተካው ካሜሮንም በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአጤ ቴዎድሮስ ዘንድ ቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት ወር ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። በዚሁ ደብዳቤ የፕላውደንንና የጆን ቤልን ወዳጅነት አውስተው፥ ከቱርክ ጋር ያላቸውን ጠብ ገልጸው፥ መልክተኞቻቸው በደኅና የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ጠየቁ።

ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መልስ በመጻፍ ፈንታ ወደ ሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሳለፈው፤ እዚያም ያለ መልስ ተቀመጠ። ካሜሮን ደግሞ ደብዳቤውን ራሱ ከማድረስ ይልቅ በሌላ ሰው እጅ ልኮ ወደ ሱዳን ወሰን ሄደና ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ መልሱን ሲጠይቁት ባዶ እጁን ተገኘ፤ ከጠላቶቻቸው ጋር ያበረም መሰላቸው። በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ቆንሲሉ በሰንሰለት ታሰረ።

ከዚህ በኋላ የንግሥቲቱን መልስ የያዘው ራሳም ሐምሌ 1856 ዓ.ም. ምጽዋ ቢደርስም፥ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተገናኘው በጥር 1858 ዓ.ም. ነበር። በክብር ተቀበሉት፤ ነገር ግን ከሦስት ወር በኋላ እሱንም ያዙት። ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ ለንደን ልከው ባለሙያ ሠራተኞች እንዲመጡላቸው ጠየቁ። እንግሊዝ ሠራተኞቹን እስከ ምጽዋ አመጣችና እስረኞቹ ካልተለቀቁ አይገቡም አለች። አንዱ አስቀድመህ ፍታ፥ ሌላው አስቀድመህ ላክ ሲል ነገሩ ወደ ጦር ዞረ።

በዚህ ጊዜ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጋፋት፥ አውሮፓውያን የእጅ ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ አቅልጠው ሠርተው ነበር። አጤ ቴዎድሮስ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መድፎቻቸውን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ ስላልነበረ በጋይንት በኩል እስከ ጨጨሆ፥ ከዚያም በዋድላ፥ በጅዳና በደላንታ ገደል እየቆረጡ አለቱን በባሩድ እያፈረሱ መንገድ መሥራት ነበረባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ጉዞው አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ። ይህን ያህል ጊዜ በአገሩ ላይ የቆየው ሠራዊት ስንቁን ያገኝ የነበረው ከባላገሩ ጐተራ ነው።

የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል ዙላ ላይ የወረደው ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን በለቀቁ በጥቂት ቀን ውስጥ ነበር። ጄኔራል ናፒየር በትግሬ በኩል መጥቶ ዋድላ ሲደርስ፥ የጅዳን ገደል ለመውረድ ንጉሠ ነገሥቱ ያሠሩት መንገድ ተዘጋጅቶ ቆየው። አሮጌ ላይ ሚያዝያ 3 ቀን ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አጤ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ሁለተኛው መንገድ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው አውራ መንገድ ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህንን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። ከዚያ ቀደም በኮሪያ ጦርነት የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ከቻይና ወታደሮች ጋር ተዋግቶ እንደነበር ስናስብ ነገሩ ያስደንቃል። በ1956 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ ኢትዮጵያን ሲጐበኙ፥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተነጋገሩት አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን አሥመራ ላይ ነበር። ነገሩ በጥንቃቄና በዝግታ ሄዶ በኅዳር 1963 ዓ.ም. የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ተመሠረተ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ፔኪንግን ጐበኙ፤ የኢኮኖሚና የቴክኒክ ትብብር ስምምነትም ተደረገ። በዚያው ጥቅምት ወር ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት የፔኪንግን መንግሥት መቀመጫ ደግፋ ድምፅ ሰጠች። ስምምነቱን የተፈራረመው መንግሥት በ1967 ዓ.ም. መባቻ ቢወርድም ውሉ አልፈረሰም፤ መንገዱ በደርግ ዘመን ተሠርቶ አለቀ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ሁለቱን ጉዳዮች ስናመዛዝን ልዩነቱ በመሪዎቹ ጠባይ ብቻ የመጣ ነው ብለን አናምንም። አጤ ቴዎድሮስ ለንደን ላይ ቋሚ መልክተኛ አልነበራቸውም፤ የሚልኩትም የሚያስተረጉሙትም በአብዛኛው በባዕዳን ነበር። በአገራችን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በሌላ በኩል የእንግሊዝ መንግሥት መሥሪያ ቤትም መዝገብም ነበረው፤ የጐደለው ከሩቅ አገር ንጉሥ የመጣን ቃል ከቁም ነገር መቁጠር ነበር። እንግዲህ መሥሪያ ቤት ማጣትም፥ መሥሪያ ቤት ይዞ መናቅም ወደ አንድ ገደል ያደርሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ቪየና ላይ የወጣው የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ኮንቬንሽን በ29ኛው አንቀጽ የዲፕሎማቲክ መልክተኛ ሰውነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። በዚህ ሚዛን ከታየ የራሳም መታሰር የሚደገፍ አይደለም። ለተጻፈ ደብዳቤ መልስ ይሰጥ የሚል አንቀጽ ግን በዚሁ ኮንቬንሽን አናገኝም። ተማሪው ሊከራከርበት የሚገባው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመስለናል።

ለዚህም መሣሪያ አልጠፋም። አጤ ቴዎድሮስ ለንግሥቲቱና ለራሳም የጻፏቸውን የአማርኛ ደብዳቤዎች ግርማ ሥላሴ አስፋው፥ ዴቪድ አፕልያርድና ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋቸዋል። ስለዚህ የእኛ ተማሪ የንጉሠ ነገሥቱን ቃል በራሱ ቋንቋ ማንበብ ይችላል። የጐደለው የባላገሩ ቃል ነው። መድፉ ሲያልፍ ስንት ጐተራ እንደተራገፈ፥ ስንት ሰው ከጋይንትና ከአካባቢው ለሥራ እንደተያዘ የቤተ መንግሥት ደብዳቤ አይነግረንም። የዲፕሎማሲ ተማሪዎች ከታሪክ ተማሪዎች ጋር ሆነው በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈውን ትረካና በየአድባራቱ ያለውን ጽሑፍ ቢሰበስቡ፥ ስለ ውጭ ግንኙነት የምናስተምረው ታሪክ የከፈለውን ሰው ጭምር የሚያሳይ ይሆናል።