ዝርው ቤተ እንግዳ

«አልቤርጎ» የሚለው የኢጣልያ ቃል በአገራችን ከተሞች፥ ከቡና ቤቱ ጀርባ በረድፍ ተሠርቶ፥ አንድ አልጋና አንድ ሳፋ ይዞ፥ መንገደኛውን አሳድሮ ማለዳ የሚያሰናብተው ክፍል መጠሪያ ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። በትውልድ አገሩ ግን በደንበኛ ሆቴል በር ላይ የሚጻፍ ቃል ሲሆን፥ «ዲፉዞ» የሚል ቅጽል ተጨምሮለት፥ ባድማ ሊሆኑ የተቃረቡ የተራራ መንደሮችን ለማዳን የታሰበ ሥርዐት ስም ሆኗል።

ሐሳቡን የወለደው መከራ ነው። በ1976 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ምሥራቅ ኢጣልያ፥ በፍሪዩሊ፥ የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 1000 የሚጠጋ ሰው ከፈጀ በኋላ፥ የካርኒያ ተራራ መንደሮች ቤታቸው ቢታደስላቸውም፥ ወጣቱ አስቀድሞ እንጀራ ፍለጋ ተሰድዶ ነበርና፥ የታደሰው ቤት የሚያድርበት አጥቶ ተዘጋ። ከዚህ የተነሣ በ1980ዎቹ በዚያው በካርኒያ፥ በኮሜሊያንስ ዙሪያ ጉዳዩ ሲጠና፥ ጃንካርሎ ዳላራ በኋላ በሥርዐት ያደራጀው ሐሳብ ብቅ አለ፤ ይኸውም በመንደሩ አጠገብ አዲስ ሆቴል ከማቆም ይልቅ መንደሩ ራሱ ሆቴል ይሁን፥ ክፍሎቹ በየጕራንጕሩ ባሉት አሮጌ ቤቶች ይሁኑ፥ መቀበያውና ማዕዱ ግን የጋራ፥ አስተዳዳሪውም አንድ ይሁን የሚል ነው። የሰርዴኛ ደሴት በ1998 ይህን በሕግ አጸናችው። ከመቀበያው እስከ ክፍሉ ያለው ርቀትም በተለምዶ ከ200 ሜትር እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ ሻንጣ ተሸክሞ የድንጋይ ደረጃ ለሚወጣ ሰው ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም።

በአማርኛስ ምን እንበለው? «የተበተነ ሆቴል» ቃል በቃል ትክክል ነው፤ ነገር ግን የተበተነ ጉባኤ፥ የተበተነ ቤተሰብ እያልን በምናዝንበት ቃል፥ ሊሰበሰብ የታሰበውን መንደር መጥራት አይገባም። የግእዙ «ዝርው» ምንም እንኳ ከዘረወ፥ ማለት ከበተነ፥ ቢወጣ፥ በስንኝ ላልታሰረ ጽሑፍ መጠሪያ ሆኖ ስለ ቆየ ከነቀፋው ነጽቷል፤ ዝርው ጽሑፍ ቃሉ በመስመር አይታሰርም እንጂ ሐሳቡ አንድ ነውና። ስለዚህ «ዝርው ቤተ እንግዳ» እላለሁ፤ ቤት የማይመታውን ዝርው ከቤት ጋር ማጋባቴን የቅኔ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ። «ቤተ እንግዳ» ደግሞ የመሸበት ሰው ከደጅ ሲጣራ የሚመለስለትን «ቤት ለእንግዳ» ያስታውሳል፤ ልዩነቱ በማግሥቱ ሒሳብ መኖሩ ነው።

ለዚህ ሥርዐት ምሳሌ በኢጣልያ፥ በአብሩዞ፥ ከባሕር ወለል 1250 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኘው መንደር፥ ሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮ፥ ቀድሞ በሜዲቺ መሳፍንት ሥር ሆና፥ ለመነኮሳት ልብስ የሚሆን ጥቁር የበግ ጠጕር ትሸጥ ነበር። ሕዝቧ ከተሰደደ በኋላ ዳኒዬሌ ኪልግሬን የተባለ ባለሀብት ባዶዎቹን ቤቶች እየገዛ ሲያድስ፥ የዘመናት ጥቀርሻ የጠጣውን ግድግዳ ኖራ ሳይቀባ፥ ፍራሹን በበግ ጠጕር ሞልቶ፥ አልጋውን በእጅ በተሠራ ሸማ አልብሶ፥ በሩንም መዳፍ በሚሞላ የብረት ቁልፍ ዘግቶ ለእንግዳ አቀረበው። ቴሌቪዥን የለም። ጥቀርሻውን አለመፋቁን እኔ ከሁሉ አብልጬ አደንቃለሁ፤ ያ ጥቁረት የስንት እናቶች ማጀት ነውና።

ሆኖም ዳላራ ከደነገጋቸው መመዘኛዎች ዋናው ነዋሪ ማኅበረሰብ መኖሩ ነው፤ ጎረቤት ከሌለ የሚቀረው አልጋ ያለበት ሙዚየም ነው። የሳንቶ ስቴፋኖ ማዘጋጃ ቤት በ2020፥ ዕድሜያቸው ከ40 ያልበለጠ ሰዎች መጥተው ቢሰፍሩ ገንዘብ እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቁ፥ የአልጋ መሙላትና የመንደር መሙላት ልዩ ልዩ መሆናቸውን ያሳያል።

በእኛ አገር፥ በወሎ፥ በመቄት ገደል አፋፍ ላይ ገበሬዎች በማኅበር ጎጆ ሠርተው መንገደኛ ያሳድራሉ። ጎረቤቱ አልታጣም፤ ገቢውም የማኅበሩ ነው። ነገር ግን ጎጆዎቹ ለእንግዳ ተብለው አዲስ የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ በዳላራ ሥርዐት ዝርው ቤተ እንግዳ ሊባሉ አይችሉም፤ ለእነርሱ ሌላ ቃል መፈለግ አለብን።