የመነሻ ዕጣ ብልጫ፦ የጋጣ ቁጥርና የውርርድ ዋጋ

መሰናክል በሌለበት የፈረስ እሽቅድምድም ፈረሶቹ የሚነሱት ጎን ለጎን ከተደረደሩና በሮቻቸው በአንድ ጊዜ ከሚከፈቱ ጠባብ ጋጣዎች ነው። የትኛው ፈረስ የትኛው ጋጣ እንደሚገባ የሚወሰነው በዕጣ ነው። በአንዳንድ ሜዳዎች ግን ጥሩ ቁጥር የደረሰው ፈረስ ገና ሳይነሳ ከሌሎቹ ይሻላል። እንግሊዞች ይህን «ድሮው ባያስ» ይሉታል፤ እዚህ «የመነሻ ዕጣ ብልጫ» ብዬዋለሁ። «አድልዎ» ያላልኩት ዕጣው ለማንም ስለማያዳላ ነው። የሚያበላልጠው ሜዳው ነው።

በእንግሊዝ ለዚህ ስሙ በቅድሚያ የሚነሳው የቼስተር ሜዳ ነው። ሜዳው ጠባብ ነው፤ ዙሪያው ከአንድ ማይል ብዙም አይበልጥም፤ ፈረሶቹም ወደ ግራ እየታጠፉ ነው የሚሮጡት። አምስት ፈርሎንግ ማለትም 1,000 ሜትር ገደማ በሆነው አጭር ውድድር ኩርባው ቶሎ ይመጣል። 1 ቁጥር ጋጣ ከውስጠኛው አጥር አጠገብ ስለሆነ ከዚያ የተነሳ ፈረስ አጭሩን መንገድ ይይዛል። የውጪዎቹ ወይ ጉልበታቸውን ጨርሰው ቀድመው ይገባሉ፣ ወይ በሰፊው ይዞራሉ። ልዩነቱን ማስላት ይቻላል፦ በግማሽ ክብ ኩርባ ላይ ከውስጠኛው መስመር 4 ሜትር ወጥቶ የሚሮጥ ፈረስ ከ12 ሜትር በላይ ትርፍ ይሮጣል። ይህ አምስት የፈረስ ርዝመት ያህል ነው፤ ብዙ ውድድሮች ደግሞ ከዚያ ባነሰ ልዩነት ያልቃሉ።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከኋላ ሆኖ መጨረሻ ላይ መፈትለክ የለመደ ፈረስ 1 ቁጥር ቢደርሰው ከፊቱና ከጎኑ ተዘግቶበት አጥሩ ሥር ሊቀር ይችላል። በቼስተር ውስጠኛው ጋጣ በእጅጉ የሚጠቅመው ከመነሻው ፈጣን ለሆነ ፈረስ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የሚገለበጥበት ውድድር አለ። በኬንታኪ ደርቢ እስከ 20 ፈረሶች ስለሚነሱ 1 ቁጥር የደረሰው ከውጪ በሚጎርፉት ተገፍቶ አጥሩ ላይ ይጣበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ካሸነፈው ፈርዲናንድ ወዲህ እስከ 2025 ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ያሸነፈ የለም። ቀጥ ባሉ ሜዳዎች ላይ ደግሞ ኩርባ ስለሌለ ወሳኙ የመሬቱ ሁኔታ ነው፦ ዝናብ የትኛውን ወገን አለሰለሰው? ፈጣኖቹስ በየትኛው በኩል ናቸው? እዚያ የትናንቱ ብልጫ ዛሬ ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቼስተርን ጠባይ አቋማሪ ቤቶቹም ተወራራጁም አሳምረው ያውቁታል። ስለዚህ ጥሩ ጋጣ የደረሰው ፈረስ ኦዱ፣ ማለትም ፈረሱ ሲያሸንፍ የተወራረዱበት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር፣ ይወርዳል። የማሸነፍ ዕድሉ ከአራት አንድ ለሆነ ፈረስ ተገቢው ኦድ 4.00 ነው። በ3.00 መቶ ጊዜ፣ በየጊዜው 100 ፓውንድ ቢወራረዱ፣ 25 ጊዜ አሸንፈው 7,500 ፓውንድ ይቀበላሉ፤ ያወጡት ግን 10,000 ነው። ፈረሱን በትክክል መርጠውም 2,500 ይከስራሉ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ከውጪ የተነሳ ምርጥ ፈረስ ከሚገባው በላይ ይናቃል። በፓሪሱ የአርክ ደ ትሪዮምፍ ውድድር ትሬቭ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ15 ቁጥር፣ ጎልደን ሆርን በ2015 ከ14 ቁጥር ተነስተው አሸንፈዋል። የጎልደን ሆርን ጋላቢ ፍራንኪ ዴቶሪ ወዲያው ወደ ውስጥ አልተጋፋም፤ ፈረሱን ለብቻው በውጪ ካስኬደ በኋላ ነው ወደ ፊተኞቹ ያስጠጋው። የአርክ 2,400 ሜትር ለእንዲህ ያለ ትዕግስት ጊዜ ይሰጣል፤ የቼስተር 1,000 ሜትር አይሰጥም።

እንግዲህ ጋጣውን ከማየትዎ በፊት ሜዳውንና ርቀቱን ይወቁ፤ ከዚያ የፈረሱን አሯሯጥ፣ በመጨረሻም ኦዱን ይመዝኑ። ብልጫው በኦዱ ውስጥ አስቀድሞ ከተከፈለበት ያንን ውድድር ይለፉት።